የኔታ የለቀቁት ቦታ

የጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ሰዎች ሲመረጡ ለመዘገብ ከደብረ ማርቆስ ዲማ አጠገብ ወዳለች ቀበሌ ሄጄ ነበር። መንግሥት የሚከፍልላቸው ቤቶች ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ማን እንደሚብስበት የሚለየው ጎረቤት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ስም ይነበባል፤ ሕዝቡ «ይገባዋል» ወይም «አይገባውም» ይላል።

የመጨረሻው ስም የአጎቴ ነበር። የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔም እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ የኔታ እላቸዋለሁ።

«ይገባቸዋል!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ አንድ ራሴን ነኝ። ልጆች ለምታሳድገው ስጧት» ብለው ባሏ የሞተባትን ጎረቤታቸውን አመለከቱ።

«ተዉ የኔታ፣ ቢያምዎትስ?» አለ አንዱ።

«ሞት የመድን ደብተር አሳየኝ አይልም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ሲነሡ ጋቢያቸው ገለጥ ብሎ፣ ቀኝ እግራቸው በጨርቅ እንደተጠቀለለ አይቻለሁ። ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ። ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጫማ ልጦኝ ነው። አንተ የመጣኸው ልትጽፍ ነው፤ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ድሃ ለድሃ ቦታውን መልቀቁን ጻፍኩ፤ ጨርቁን አልጻፍኩም። ዘገባው ተወደደ።

ክረምቱ ሲገባ ጎረቤቲቱ ከሆስፒታል ደወለችልኝ። የኔታ «ጸበሉ ይሻለኛል» እያሉ ለሳምንታት እግራቸውን ደብቀው ነበር። ስደርስ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የራሷን የመድን ደብተር ዘርግታ ትለምናለች። ደብተሩ አዲስ እንደሆነ ነው፤ ልጆቿ ከዚያ ወዲህ አልታመሙም።

«በእኔ ይታከሙ። የእሳቸው ነበር።»

ሠራተኛዋ ፎቶውን አየች፤ የኔታን አየች። «እናቴ፣ እዚህ ላይ ያላችሁት አንቺና ልጆችሽ ናችሁ። አልችልም።»

ልክ ነበረች። ለአንድ ሰው ከተፈቀደ፣ አንዱ ደብተር መንደሩን ሁሉ ይዞር ነበር።

«ጢሜን ብላጨውስ?» አሉ የኔታ።

ማንም አልሳቀም። የእግራቸው ሽታ ሰልፉ ጋ ደርሷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበዋል።

እኔ ከፈልኩ። መክፈሉ አልከበደኝም። ሐኪሙ ጨርቁን ፈታ፤ የእግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል፤ ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚት እየወጣ ነው። ካርዱን ስቦ እስክሪብቶ አነሣ።

«ይሄ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን ጠይቀው። ጋዜጠኛ ነው፤ ቀኑን ይዞታል።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቀኝ።