«አንጣላም» ስንት ብር ነው?

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቱላ መንገድ ላይ ባለችው ችግኝ መሸጫዬ፣ አንዲት ወጣት ቦገንቪላ እየመረጠች በስልክ ታወራ ነበር። ሐና ትባላለች። ከእህቷ ጋር የሰው ግቢ ማስዋብ ከጀመሩ ዓመት አልሞላቸውም፤ ችግኝ የሚወስዱትም ከእኔ ነው። በወዲያ በኩል ያሉት ሴትዮ ዋጋ ጠይቀዋት መሆን አለበት፣ ሐና ሳቅ አለችና «ኧረ እትዬ፣ እኛና እርስዎ በዋጋ አንጣላም!» አለች።

ደሜ ፈላ። ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ደም ግፊት አለብህ ተብዬ ጨው ከተከለከልኩ ቆይቻለሁ። ቢሆንም የውሃ ማጠጫውን ጎማ ወርውሬ ተነሣሁ። ያቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር እንዲህ ያደርገኛል። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሌዳሞ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አብረን እርሻ ተምረን አብረን ሥራ ያጣን። ሐዋሳ ያኔ በየጥጉ ትገነባ ነበር። ሰዉ ቤቱን ጨርሶ ግቢው አቧራ ሲሆንበት እኛ ሣርና አበባ እንተክልለታለን አልን። የእኔ ድርሻ ሰው ማወቅ ነበር፤ አባቴ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ስንት ዓመት ያስተማረ መምህር ስለሆነ የማያውቀኝ የለም። የሌዳሞ ድርሻ ገንዘብ ነበር። ገንዘብ ስል ጊደር ማለቴ ነው። ቱላ የሚኖሩት እናቱ፣ ከእንሰታቸው ጓሮ ያሰሯትን አንዲት ጊደር ሸጠው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሰጡን። «ስትወልድ ቅቤዋን ሸጬ ጣራዬን ልቀይር ነበር። ከክረምት በፊት መልሱልኝ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የመጣው ከጋሽ አበራ ነው። የአባቴ ሚዜ ነበሩ። ሐይቁ አጠገብ ፔንሲዮን ሠርተው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሊከፍቱ ቸኩለዋል። በጥምቀት ማግስት ጠርተውን ዓሣ ጉላሽ አስቀረቡና በራሳቸው እጅ አጎረሱኝ። ከምሳ በኋላ ግቢውን አሳዩን፤ የተደለደለ፣ አንድ ድንጋይ የማይታይበት መሬት።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ስንት ትሉኛላችሁ?»

ሌዳሞ ሜትሩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔ ቀደምኩት። የጎረሰ አፍ ምን ዋጋ ይጠራል? «ኧረ ጋሼ! በእርስዎማ ዋጋ አንጠራም። አንጣላም» አልኩ።

«ተባረክ፤ የጨዋ ልጅ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ከበሩ እንደወጣን ሌዳሞ ክንዴን ያዘ። «አንጣላም ስንት ብር ነው?»

«ሰውዬው አባቴ ማለት ናቸው።»

«ያንተ አባት ናቸው። እኔ ለእናቴ ምን ልበላት? አንጣላም ተባብለናል ልበላት?»

«እመነኝ» አልኩት። አመነኝ።

ሥራ በጀመርን በመጀመሪያው ቀን አካፋችን ቋ አለ። ያ የሚያምር መሬት ከላይ አራት ጣት አፈር ነው፤ ከሥሩ ግንበኞቹ የቀበሩት የብሎኬት ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶና የዛገ ሽቦ ሞልቶታል። ከምሳው በኋላ አንዲት ጊዜ አካፋ ሰንዝረን ቢሆን እናውቅ ነበር። እዚያ ላይ ሣር አይጸድቅምና አሥራ አንድ ቀን ቆፈርን። ፍርስራሹን በጋሪ አስወጣን፣ ቀይ አፈር በጋሪ አስገባን። ባለጋሪዎቹ «አንጣላም» የሚባል ነገር አያውቁም፤ በየምልልሱ እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ። እኛ የተማርነው እነሱ ያወቁትን አላወቅንም። ወቅቱ በጋ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ውሃ በበርሜል ገዛን። ሰርዶ ሣሩን ተንበርክከን አንድ በአንድ በጣታችን ተከልነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሌዳሞ እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቡርሳሜ ይልኩልን ነበር። ያን ቅቤ የጠገበ ቆጮ ስበላ፣ ላም ከሌለው ቤት በግዢ የመጣ ቅቤ መሆኑን አንድም ቀን አላሰብኩም።

ሌዳሞ በመሃል ሁለት ጊዜ «ሂድና ስለ ፍርስራሹ ንገራቸው። የምናወጣውን ይወቁት» አለኝ። አልሄድኩም። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። የእኔ ዝምታ ግን በየቀኑ ነቀዘ።

ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ግቢው ለመለመ። ጋሽ አበራ እየተዘዋወሩ አዩት፤ ደስ አላቸው። ከኪሳቸው ብር አውጥተው ሰጡኝ፤ ለሌዳሞ አይደለም፣ ለእኔ። ሳልቆጥረው በውፍረቱ አወቅኩት። ያወጣነውን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ሌዳሞ፣ በትሕትና፣ «ይኼ ለአፈሩና ለጋሪው እንኳ አይበቃም።»

«ልጄ፣ ሣር እኮ ነው» አሉ ጋሽ አበራ ፈገግ ብለው። «የሚያበቅለው እግዚአብሔር ነው። ደግሞስ በዋጋ አንጣላም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» ወደ እኔ ዞሩ።

ሌዳሞም ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ መጮህ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ» ነው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ይኼን ስጽፍ እንኳ ያንን የጎበጠ ወገቤን በካልቾ ብመታው ደስ ይለኛል።

ሌዳሞ አካፋውን ሣሩ ላይ ጥሎ ወጣ።

ብሩን እንዳለ ይዤ ቱላ ሄድኩ። ጥጃ እንኳ አይገዛም። እናቱ ተቀበሉኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ቡርሳሜ አቀረቡልኝ፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌዳሞ ከጓዳ አልወጣም። ክረምቱ ገባ፤ ጣራቸው እንዳፈሰሰ ከረመ። ዛሬ ሌዳሞ ወፍጮ ቤት አለው። እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ስንተላለፍ እጁን ከፍ ያደርግልኛል፣ እኔም ከፍ አደርጋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት በዚሁ አለፈ።

እና ሐናን «መልሰሽ ደውዪ!» አልኳት። «አንጣላም ስንት ብር ነው?»

ደነገጠች። «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። እናቴን ያውቋታል።»

«መሬቱን ቆፍረሽ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ችግኝ ቢደርቅ የሚተካው በማን ኪሳራ ነው?»

የያዘችውን ቦገንቪላ አስቀመጠች።

«እህትሽስ ስንት አዋጣች?»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ሐብሏን ሸጣ ነው የገባችው።»

ካርቶን ቀድጄ ሰጠኋትና ጻፊ አልኳት። አፈሩን፣ ጭነቱን፣ ውሃውን፣ የሚደርቀውን ችግኝ፣ የእሷንና የእህቷን የቀን ውሎ፣ ከሥሩ ለሚገኘው ጉድ መጠባበቂያ። መጨረሻ ላይ «ትርፍ» ስላት አፈረች። «ትርፍ ብለሽ ጻፊ!» ብዬ ጮህኩባት። ጻፈች። ደውላ እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

«ሥራውን አሳጡኝ!» አለችኝ። ቦገንቪላዎቹን ትታ ወጣች።

አልጠራኋትም። ትቆጣ። በዋጋ መጣላት ካልቀረ በር ላይ ነው፣ አካፋ ሳይነሣ፤ በር ላይ የተጣላ የሚያጣው ሥራውን ብቻ ነው። እኔ ከጋሽ አበራ ጋር ሳልጣላ ኖርኩ። ሲሞቱ ቤተሰባቸው ለቅሶው ላይ «የጨዋ ልጅ» ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። ለዚያ ጨዋነት የከፈሉት ግን የሌዳሞ እናት ናቸው፣ በአንዲት ጊደራቸው።