ለሌላ አገር አይረባም

ባሌ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ በየካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለችው ፖሊስ ጣቢያ ምክትል አዛዥ። ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮ የለበሰ ጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ጠረጴዛ አለው፣ ከበስተኋላው ደግሞ ሰካራም የሚያድርበት ጠባብ ክፍል። አዛዡ አንድ ሽማግሌ ሻምበል ነበሩ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከወንበራቸው አይነሱም፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የባሌ ነበር። በዚያ ዘመን ባልን «እርስዎ» ማለት ወግ ሆኖ ሳለ እኔ «አንተ» ነበር የምለው። እናቴ በዚህ ነገር እስክትሞት ድረስ ስትቆጣኝ ኖራለች።

ሰው ለምን እንደወደደው ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። የደን ዘበኛ ሲይዛቸው ሸክሙን ብቻ ሳይሆን ገመዳቸውንም ይቀማቸው ነበር። ገመድ ምን ማለት እንደሆነ ያልተሸከመ ሰው አያውቅም፤ ገመድ የሌላት ሴት ነገ ምን ይዛ ተራራ ትወጣለች? ባሌ ወደ ጣቢያው የመጣውን ገመድ ሁሉ እየሰበሰበ፣ በየቤታቸው እየዞረ ይመልስላቸው ነበር። «የወደቀ ቅጠል የለቀመ ሌባ ከሆነ ነፋሱንም እንሰረው እንጂ» ይል ነበር። ደግሞ በኮተቤ በኩል የአንድ ገበሬ በሬ ጠፍቶ፣ ዝናብ እየደበደበው ሰንዳፋ ድረስ በእግሩ ሄዶ በሬውን እየነዳ ተመልሷል። ከገበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከሰካራም ጋር በሰካራም ቋንቋ ያወራል።

ጉቦ? ወይ ጉድ! አንዴ አንዱ ባለጉዳይ ሙክት አምጥቶ ደጃችን ላይ አስሮ ሄደ። እኔ ሽንኩርት መክተፍ ጀምሬያለሁ። ባሌ መጣና ሙክቱን ራሴ ጎትቼ እንድመልስ አደረገኝ። ሙክቱ አልሄድም እያለ፣ የሰፈሩ ሴቶች ከየአጥሩ ሥር እየሳቁብኝ! ቤት ተመልሼ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል!» ብዬ ስጮህበት፣ «መቼ ተሾምኩና» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው፣ አልተሾመም ነበር። የሹመቱ ነገር የመጣው ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሰዎች ሕዝቡ ምን እንደሚል ማዳመጥ ጀምረው ነበር፤ ወይም የሚያዳምጡ መምሰል። ሻምበሉ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ባሌን ጠሩትና፣ «በእኔ ቦታ እንድትሾም ስምህን አቅርቤያለሁ። አንድ ኮሎኔል መጥቶ ሕዝቡን ስለ አንተ ይጠይቃል። ሕዝቡ ከመሰከረልህ አዛዥ ሆነህ እዚሁ ትቀራለህ። ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ምስክር አስጠንቷል ይሉሃል» አሉት።

እሱ ለእኔ ነገረኝና አፌን እንድይዝ አስማለኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይኼ ምን ያህል እንደሚከብደኝ ይገባቸዋል። አዛዥነቱን የፈለግነው ለክብሩ አልነበረም፤ ክብር ወጥ አይሆንም። ባሌ ድሮ ኦጋዴን ሲያገለግል ወባ ጣፊያውን ጎድቶት፣ ሐኪሙ «ሁለተኛ ቆላ ከወረድክ አትነሳም» ብሎት ነበር። ምክትል ሰው ደግሞ በፈለጉት ጊዜ ወደ በረሃ ይላካል። አዛዥ ከሆነ ግን ከዚህ ከደጋው አይነሳም። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ነገሩ ይኼው ነበር።

ኮሎኔሉ እሁድ መጣ። አንቱ ልበለው ብል አፌ እምቢ ይለኛል፤ ተዉኝ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ወንበር ተደረደረ፤ ባለሥልጣኖቹ ተቀመጡ። ሻምበሉ በዚያው ሰሞን ጡረታቸውን ይዘው አገራቸው ገብተው ነበር። ባሌ የተተኮሰ ካኪውን ለብሶ ከጎናቸው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔም ጠላዬን ጠምቄ፣ ከምስክርነቱ በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ ቤቴ ልጠራ አስቤ፣ ሴቶቹ መካከል ተቀምጫለሁ። ኮሎኔሉ ስለ ሹመት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ምነው ቢተነፍስ ኖሮ! «ስለዚህ ሃምሳ አለቃ ጠባይና ሥራ የምታውቁትን ሳትደብቁ ንገሩኝ» አለ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተነሱት የሽማግሌዎቹ አውራ ነበሩ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ ባሌን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ዱላቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጌታዬ፣ ሰውየው ክፉ አይደለም» አሉ። «ብቻ ሰነፍ ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩም።

«እንቅልፍ ይወዳል። ሌባው ሲመጣ ይተኛል፤ ሌባው ሲሄድ ይነቃል።»

አሁን ሳቅ ይመጣል፣ ቀልድ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። በሬው የተመለሰለት ገበሬ ተነሳና፣ «የእኔም በሬ ጠፍቶ ነበር፤ በራሱ እግር ነው የመጣው» ብሎ ቁጭ አለ። ስንቴ ገመዷን ያመጣላት እንጨት ተሸካሚ ደግሞ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ፊቱ አይፈታም፤ ለደሃ አያዝንም» አለች። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው እየተነሳ፣ ሁሉም መሬት መሬት እያየ፣ ባሌን አፈር አስጋጡት። እኔ ደሜ ፈልቶ ብድግ ልል ስል አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ቀሚሴን ይዛ ቁጭ አደረገችኝ። «ዝም በይ አንቺ፣ እንዳታበላሺ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚህ ወዲያ ምን የሚበላሽ አለ?

ባሌ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊስ ነው፣ አለቃው ፊት አይንቀሳቀስም። አንገቱ ላይ ያለችው ሥር ስትመታ ግን ከተቀመጥኩበት ትታየኝ ነበር። አንዴ ብቻ ዞር ብሎ ሽማግሌውን አያቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሰበሩ።

ኮሎኔሉ «ታዲያ በዚህ ሰው ምን እንዲደረግ ትፈልጋላችሁ?» አለ።

ሽማግሌው ይኼን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ፈጠን ብለው፣ «እዚሁ ይተውልን ጌታዬ! ለሌላ አገር አይረባም። እኛ ለምደነዋል፣ ችለነዋል» አሉ። ሕዝቡም ከኋላቸው «ችለነዋል! ይተውልን!» አለ።

የኮሎኔሉ ልብ ተነካ። ከልቡ ነው፣ አየሁት እኮ። «እናንተ ደጋግ ሰዎች! እንዲህ ያለውን ሰው ለምን ትሸከማላችሁ? መንግሥት አለላችሁ። አነሳላችኋለሁ» አለ።

ሽማግሌው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከዚያ «ኧረ ጌታዬ! ኧረ በንጉሥ አምላክ! ሰውየውስ ደግ ሰው ነው!» ብለው ጮኹ። ገበሬውም «በሬዬን ያመጣልኝ እሱ ነው!» ብሎ ተነሳ። እንጨት ተሸካሚዎቹ እሪ አሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይስማቸው! ኮሎኔሉ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸውና፣ «አትፍሩት፤ ምንም አያደርጋችሁም። ስለፈራችሁት ነው ቃላችሁን የምትለውጡት» አለ። ባሌ ይኼን ቃል ሰማ። ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ ልቡን የሰበረው ይኼ ቃል ነው።

ቤት ገብቶ ኮፍያውን አስቀመጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሰፈሩን ስረግም፣ ስሳደብ ቆየሁ። በመጨረሻ «ሰው የሚፈራኝ መሆኔን አላውቅም ነበር» አለኝ። «ገመዳቸውን ስመልስላቸው የእነዚያ ሴቶች እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው እል ነበር።» ሽማግሌው ደጃችን መጥተው «ልጄ፣ ክፈትልኝ፣ አንድ ቃል ልንገርህ» እያሉ ለመኑት። «ፈርተውኝ ነው የመጡት፤ በደህና ይግቡ በያቸው» አለ። ሽማግሌ ከደጁ መልሶ አያውቅም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ መጣና ወደ ኦጋዴን ሄደ። ሐኪሙ ያለውን ለአለቆቹ ንገር ብዬ ብለምነው፣ ብጨቀጭቀው፣ «ሰነፍ የተባለ ሰው ታምሜያለሁ ቢል ማን ያምነዋል?» አለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው እንደገና መጡ። በሩን ከፍቼ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩባቸው። «ምን አደረገዎት? ምን በደለዎት? ይንገሩኝ!»

እሳቸው መቀመጫ እንኳን አልጠየቁም። «ልጄ፣ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ደግ አጥቢያ ዳኛ ነበረን» አሉኝ። «ጉቦ የማይበላ፣ ደሃ የሚሰማ። አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ 'እንዴት ነው ዳኛችሁ?' ቢለን፣ አመስግነን ሰማይ አደረስነው። ያን ያህል ደግ ከሆነማ ብለው ወደ ሌላ አገር ሹመው ወሰዱት። በምትኩ ጅራፍ የሚያነሳብንን ላኩልን። ከዚያ ወዲህ ተማማልን፤ ደግ ሰው ካገኘን በበላይ ፊት ላናመሰግነው። ልጅስ ሲያምር ዓይን እንዳያርፍበት 'አስቀያሚ' እንል የለም ወይ? ያ ኮሎኔል ሲመጣ ሊወስድብን ነው አልን። ሊሾምልን መምጣቱን ማን ነገረን?»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብዬ ጮህኩ። ኮሎኔሉ ሹመቱን ደብቋል፣ ባሌ አፌን አስይዞኛል፣ እነሱ ፍቅራቸውን ደብቀዋል። ሁሉም ብልጥ ሆነና በሁሉም ብልጠት መሐል የእኔ ሰው ተቀበረ። አይ የካ! ወገቤን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሽማግሌውም በሩ ላይ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ያላደረጉት የለም፤ ይኼን ልመስክርላቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዋናው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው ነበር። እዚያ ያገኙት ሹም «እሱ ነው አስፈራርቶ የላካችሁ፤ ይኼ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው» ብሎ መለሳቸው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ይብሱን እንዳይጎዱት ብለው ዝም አሉ።

ክረምቱ ሲወጣ ባሌ ታሞ ሐረር ሆስፒታል ገባ የሚል ወሬ ደረሰኝ። በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሐረር ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የምነግረውን ነገር በልቤ ስደጋግም ነበር። ይድናል ብዬ ነው የሄድኩት። መድኃኒቱን ሐኪሞቹ ከሰጡት፣ እውነቱን ደግሞ እኔ ከነገርኩት ይነሳል ብዬ ነው።

አልጋው ላይ ሳየው አላወቅሁትም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ። እጁን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት፤ ዳኛውን፣ መሐላውን፣ የሽማግሌውን እንባ። «ይወዱህ ነበር! እንዳይወስዱህ ብለው እኮ ነው!» አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አንቺ ድሮ ውሸት አይሆንልሽም ነበር» አለኝ። «ለእኔ ስትይ ተማርሽ?»

«በአባቴ አጥንት! እውነቴን ነው!»

«ተይ፣ አትማይ። መተኛቱንስ እተኛ ነበር። ምሳ በልቼ ጠረጴዛው ላይ ድፍት እል ነበር። አንድ ቀን ሽማግሌው ገብተው አይተውኛል።»

ሲያስብ የከረመው ይኼን ኖሯል። በዚያ በረሃ፣ በዚያ ትኩሳት፣ የራሱን ጥፋት ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ የምሳ ሰዓት ማሸለብ አገኘ! «ሰው አይተኛም እንዴ? አንተ ሰው፣ ሰው አይተኛም እንዴ?» እያልኩ አልጋው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ ነው እኔን ያባበለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ የካ አንስቶልኝ አያውቅም፤ እኔም ባነሳሁበት ቁጥር ፊቱ ስለሚከፋ ተውኩት። እዚያው ሐረር ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ።

ባዶ እጄን ተመልሼ የካ ስገባ ድንኳን ተጥሎ ጠበቀኝ። ፎቶግራፉን መሐል ላይ አድርገን ተቀመጥን። ከኮተቤ መጡ፣ ከወሰን ሰፈር መጡ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወረዱ። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ከድንኳኑ ውጪ እየጣሉ ገቡ። ከዚያ ሽማግሌው ተነስተው ይናገሩ ጀመር። ያላሉት የለም! ደግነቱን፣ ትጋቱን፣ ንጹሕ እጁን። እሳቸው ሲደክማቸው ገበሬው ተቀበለ፤ ገበሬው ድምፁ ሲዘጋ ሴቶቹ በሙሾ ተቀበሉ። እኔ እንኳን የማላውቀውን ሰማሁ፤ ማንን ከእሥር እንዳስፈታ፣ የማንን ልጅ አዝሎ ሐኪም ቤት እንዳደረሰ። አንዱ ሌላውን እየቀደመ፣ ምንም ሳይደብቁ፣ ቀኑን ሙሉ አመሰገኑት።

አልቻልኩም። ብድግ ብዬ «ለማን ነው የምትናገሩት? አሁን ለማን ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እንናገር እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ማን ይወስድብናል?»

ሰው ይዞ አስቀመጠኝ፤ እነሱም ቀጠሉ። እኔ ጆሮዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ሐረር ያለውን መቃብር አሰብኩ። ባሌ ሰው የሚፈራኝ፣ ሰነፍ ሰው ነኝ ብሎ ነው የሞተው።