ወራጅ አለ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የቆምኩት። ንግግር ስለሚይዘኝ ጽፌዋለሁ፤ መሃል ላይ ዝም ብል ጨርሳለች አትበሉ፣ ታገሱኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከእናቴ ጋር የምኖረው ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ድሮ ከበራችን ወጣ ብለን ሽንኩርቱንም ዳቦውንም እንገዛ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ሱቆቹም ጉሊቶቹም ተነሡ። አሁን መንገዱ ያማረ ነው፤ መኪና ያለው ሰው የሳምንቱን ጭኖ ሽው ይላል። መኪና የሌለን ግን ለአንድ እስር ጎመን እንኳ አዲሱ ገበያ ወርደን በታክሲ እንመለሳለን።

ለሌላው ሰው ይህ ድካም ብቻ ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ በ«ወ» የሚጀምር ቃል ነው። ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ወራጅ አለ» ያላለ ሰው አይወርድም። ስለዚህ ሌላ ተሳፋሪ እስኪል እጠብቃለሁ፤ ከእርሱ ጋር ወርጄ፣ ዘንቢሌን ተሸክሜ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። በዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን አላማርረውም ነበር፤ አልጠራውምም ነበር። የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ግን ሁልጊዜ ይዘምራሉ። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ ቃሉ ይቀርና ዜማው ብቻ ያልፋል። እናቴ «ደግሞ ጀመሩ» ትላለች፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ትራስ እደርባለሁ። ዜማው ግን ሳልፈልግ ገብቶብኝ ነበር።

እናቴ ስኳር አለባት። ሐኪሟ፣ «እማማ፣ መርፌውን ከተወጉ በኋላ ምግብ ማዘግየት የለም። ስኳሩ ይወርድና ራስዎን ይስታሉ» ብሏት ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ የሚቀመስ ስላልነበረ ገበያ ወረድኩ። ዳቦና ሙዝ ገዝቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳለሁ ደወለች።

«የት ደረስሽ?»

«ደረስኩ» አልኳት።

ታውቁታላችሁ፤ ሁላችንም ገና ሳንነሣ «ደረስኩ» እንላለን። ለእኔ ደግሞ ሳይዘኝ የሚወጣ ቃል ነው። እናቴ ግን አምና መርፌዋን ተወጋች። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሎ ቆየ። በመጨረሻ ታክሲ ውስጥ ገብቼ መንገድ ስንጀምር እንደገና ደወለች።

«ተወግቻለሁ እኮ። በሩን ከፍቼልሻለሁ። ላብ ላብ ብሎኛል» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

መታጠፊያችን ታየኝ። የሚወርድ ሌላ ሰው አልነበረም። «ወ... ወ... ወ...» አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለ።

ረዳቱ ዞሮ አየኝ። «እህቴ፣ ወሬ ነው ወራጅ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ሞተሩ እስኪነሣ ጠብቃት እንጂ» አለ። ሳቁ።

ቀጣዩ ፌርማታ ሩቅ ነው። ከዚያ በእግሬ ተመልሼ እስክደርስ እናቴ መውደቋ ነው። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አውርደኝ» አልኩ። የሕይወቴ የመጀመሪያ ጸሎት ይህ ነው። ወዲያው የእትዬ አስካለ ዜማ መጣልኝ። ቃሉን ስለማላውቀው ያለኝን ቃል ከተትኩበት። «ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ» ብዬ ዘመርኩ። አንዲት ፊደል እንኳ አልያዘችኝም። ጌታ ይባረክ።

ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «አሜን» አሉ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

ሮጬ ስገባ እናቴ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ሙዙን ልጬ አጎረስኳት። ቆይታ ቀና አለችና፣ «ለመሆኑ ደረስኩ ያልሽው የት ነው?» አለችኝ። ስትቆጣኝ፣ ተርፋለች አልኩ። ስሙ ይክበር።

በማግሥቱ የእትዬ አስካለን በር አንኳኳሁ። የዚያ መዝሙር ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጥያቄውን ለመጨረስ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ጠበቁኝ።

«የኢያሪኮው ዕውር ነዋ፣ ልጄ። ሰዎቹ ዝም በል ሲሉት ጮኸ፤ ኢየሱስም ቆመለት።»

«ቆመለት?» አልኩ።

«ቆመለት።»

እዚያው በረንዳቸው ላይ ጌታን ተቀበልኩ። እናቴ እንደ ጥንቱ መድኃኔ ዓለም ትሳለማለች። ከግድግዳው ማዶ ሲዘመር ግን አሁን ሬዲዮኑን ትቀንሳለች።

ወገኖቼ፣ መንተባተቤ አልሄደም፤ እየሰማችሁት ነው። ሱቁም ወደ ሰፈራችን አልተመለሰም። የሄደው፣ የሚሰማኝ የለም ማለቴ ነው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል የእኔን ግማሽ ቃል የሰማ ጌታ የእናንተንም ይሰማል። ቃሉ ባይሞላላችሁም ጥሩት፤ ይቆማል። ጌታ ይመስገን።

ከዚህ ስወጣ ሽንኩርት ልገዛ አዲሱ ገበያ እሄዳለሁ። ወደ ላይ የምትሄዱ ካላችሁ አብረን እንሳፈራለን። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከዘመርኩ «አሜን» በሉልኝ፤ ወራጅ ነኝ።