ከጁምዓ እስኪወጡ የያዝነው ምሽግ

ትእዛዙ የደረሰን ሐሙስ ማታ፣ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ነው።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ወደ ኦዳ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታዋ ሥር። ውሃና ኮፍያ ያልያዘ አይሰለፍም።»

ይህን ያሉት የሰንበት ትምህርት ቤታችን ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ናቸው። ድሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደር ነበሩ፤ አሁን እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ጎማ ይጠግናሉ። የውትድርና ወሬ አያበዙም፣ ቋንቋው ግን አልለቀቃቸውም። መዝሙር ስንለማመድ እንኳን «የግራ ክንፍ፣ ድምፅ ቀንስ!» ይላሉ። እኔም በእሳቸው ቋንቋ የምጽፈው ለዚህ ነው። የምጽፈውም ከእኛ በኋላ ወደ ክፍሉ ለምትገቡ ልጆች ነው፤ የዚያችን ዓርብ ነገር አንዱ አሥር እጥፍ አድርጎ ሳያወራላችሁ በፊት፣ እንደሆነው እንድታውቁት። ጀግንነት የለበትም። ፍየል ነው ያለበት።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ግዳጃችን ቀላል ነበር፦ ዝናብ ላፈረሰው የቤተ ክርስቲያን አጥር ድንጋይ መልቀምና መንገድ ዳር መከመር። ኮረብታዋ ራቁቷን ናት፤ ጥቂት ግራርና ብዙ ድንጋይ። እስከ ረፋዱ ድረስ እየዘመርን ለቀምን። ከዚያ ፀሐይዋ አፋችንን ዘጋችው። ዓርብ ስለሆነ ደግሞ ጾም ነው። አፋችን ዝም ቢልም ሆዳችን ዝም አላለም።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ትልቅ ፍንዳታ ተሰማ።

«ተኛ!» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ተኛን። እውነቴን ነው፣ አሥራ አንዳችንም ድንጋይ ላይ በሆዳችን ተኛን። ቀና ስንል እሳቸው ቁልቁል እየሮጡ ነበር። የፈነዳው ጎማ ነው። ፍየል የጫነች ፒካፕ ቁልቁለቱ ላይ በጎኗ ተገልብጣለች።

ወረድን። አቧራው ገና አልሰከነም። ሹፌሩ ትከሻውን ይዞ መንገድ ዳር ተቀምጧል። አንድ እግራቸው ባዶ የሆነ ሴት በፍየሎቹ መካከል ይመላለሳሉ። አወቅናቸው። አዴ ሐሊማ ናቸው፤ አዴ የምንላቸው ለአክብሮት ነው፤ ሄሉ ሰፈር የሚኖሩት፣ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ጨርቅ እያመላለሱ የሚነግዱት። ልጃቸው ነገ፣ ቅዳሜ፣ ታገባለች። ይህን ሞያሌ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሰርጉን ቀሚስ ስንት ጊዜ እንዳስቀየረች ሳይቀር እናውቃለን። ፍየሎቹ የሰርጉ ነበሩ።

አሥራ ሁለት ናቸው። ሰባቱ ዘለው ወደ ኮረብታው ፈርጥጠዋል። አምስቱ መንገዱ ላይ ቀርተዋል፤ እንደማይነሱ ያስታውቃል። አንድ መኪና ቆመና ሹፌሩን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ከነፈ። በቦታው ከነበርነው ሁሉ ሙስሊም ወንድ እሱ ብቻ እንደነበር ያን ሰዓት ያሰበ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ብሩክ ነው። ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ልቡ ጥሩ ነው፣ እጁ ግን ከልቡ ይቀድማል። የጆንያ ገመድ ይቆርጥበት የነበረውን ቢላ አወጣ።

«አዴ፣ ሳይሞቱ ልረድልዎት!»

አዴ ሐሊማ ፍየሉ ላይ ወደቁበት። «አይ! አይ ልጄ! ቢላህን መልስ! እንዳትነካው!»

የአገራችን ነገር ነው፤ ታውቁታላችሁ። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ሳይታረድ የሞተ ደግሞ በክት ነው፣ ለማንም አይሆንም። ሴት ደግሞ በእነሱም በእኛም ዘንድ አታርድም። ስለዚህ የብሩክ ቢላ አንዴ ቢያርፍ የአዴ ሐሊማ ሰርግ ሥጋ አለቀለት ማለት ነው።

ብሩክ ግን ፊቱ ቀላ። «ምን ማለት ነው? እኛ ርኩስ ነን እንዴ? ልርዳ ባልኩ!»

ሃምሳ አለቃ ሳይቆጡ ጠየቁት። «ብሩክ፣ አዴ ሐሊማ በግ አሳርደው ሥጋ ቢልኩላችሁ እናትህ ትበላለች?»

«...አትበላም።»

«እናትህ አዴ ሐሊማን ትጠላቸዋለች?»

«ኧረ! ጓደኛዋ እኮ ናቸው።»

«እንግዲያው አፍህን ዝጋና ቁስሉን ዝጋ።»

አዴ ሐሊማ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል። ወንድማቸው ጋ ይደውላሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። «ጁምዓ ነው» አሉ። «ሁሉም መስጊድ ገብተዋል። ሱቁ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። ያ ረቢ፣ ምነው ሐሙስ ባደረገው!»

በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ ባለ ቦዳ ቦዳ በዚያ ሲያልፍ አስቆምን። ነገሩን ሲሰማ ሞተሩን አላጠፋም። «መስጊዱ በር ላይ እቆማለሁ፤ ሲወጡ እነግራቸዋለሁ» አለ። ወይንሸት «ሃራካ ሃራካ! ቶሎ ቶሎ!» እያለች እስኪሰወር ጮኸችበት።

ሃምሳ አለቃ ሰበሰቡን። ድምፃቸው የመዝሙር ጥናት ድምፅ አልነበረም። «ስሙኝ። ረዳት ጦር ከመስጊድ እስኪደርስ ይህንን ቦታ እንይዛለን። የእኛ ሥራ ማረድ አይደለም። የእኛ ሥራ እንዳይሞቱ መያዝ ነው። ገባችሁ?»

ገባን።

ወይንሸት ሦስት ልጆች ይዛ የሸሹትን ሰባት ለመመለስ ወደ ኮረብታው ዘመተች። የቀረነው ሸራውን ከፒካፑ ፈትተን ጥላ ሠራን። ሁለት ልጆች ሸራውን በቁማቸው ያዙ። አምስታችን ለእያንዳንዱ ፍየል አንድ አንድ ሆነን ተቀመጥን። «በጎኑ አታስተኙት፣ ሆዱ ተነፍቶ ያፍነዋል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «በደረቱ አስደግፉት። አፉን አርጥቡለት እንጂ አታጠጡት።»

የእኔው ነጭ ነበር፣ አንገቱ ላይ ቡናማ። ጎኑ ገብቷል። ታፋው ላይ የተከፈተውን ቁስል በሹራቤ ጠቅልዬ ተጫንኩት። ሲተነፍስ ከውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ሙቀቱ እጄን አልፎ ክርኔ ድረስ ይሰማኛል።

ጠላቶቻችን ፀሐይና ዝንብ ነበሩ። ቆይቶ አሞራ መጣ። አንድ፤ ከዚያ ብዙ። ሸራ ከያዙት አንዱ «እነዚህ ደግሞ ማን ጠራቸው?» አለ። «እነሱ ጁምዓ የለባቸውም» አለው ብሩክ። ከአጠገቤ ነበር፤ አንድ ጥቁር ፍየል ጭኑ ላይ አስደግፏል። ሳቅን። አዴ ሐሊማም ሳቁ፣ ከዚያ አፋቸውን ያዙ።

አንድ የጭነት መኪና መጣ። አዴ ሐሊማ እጃቸውን እያወዛወዙ መንገዱ መሀል ገቡ። ሹፌሩ ወረደ፣ ትልቅ ገጀራ ከመቀመጫው ሥር አወጣ። አራጅ አገኘን አልን። እሳቸው ሙስሊም እንደሆነ በስዋሂሊ ጠየቁት። እሱ ራሱን ነቀነቀ። «ፖሌ ማማ፣ ሚሚ ኒ ምክሪስቶ።» ክርስቲያን ነው! ከመጣ ረዳት ሁሉ ያ ሰውዬ የእኛው ሰው ሆኖ ተገኘ። በሕይወቴ ክርስቲያን በማግኘቴ ያዘንኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። የውሃ ጀሪካን ሰጠንና ሄደ።

የእኔው ፍየል ማቃሰት ጀመረ። ለሌላው እንዳይሰማ ሃምሳ አለቃን በጥቅሻ ጠራኋቸው።

«እየተሠቃየ ነው እኮ። ማሳረፍ አይሻልም?»

ቁጢጥ ብለው አዩት። «ለእሱ ይሻላል» አሉ። «ግን የእሳቸው ነው። እሳቸው ካሉ በአንድ ጊዜ አሳርፈዋለሁ።»

አዴ ሐሊማ ሰምተው መጡ። ፍየሉን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ እንደገና ፍየሉን አዩ። እንባቸው ወረደ። «እሱም ነፍስ አለው» አሉ። «ሃምሳ አለቃ፣ በቃ እረደው። ሥጋው ይቅር።»

ሃምሳ አለቃ ቢላቸውን አወጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የያዝሽው። ይቆያል ወይስ አይቆይም?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት የለም። የፍየሉን ሥቃይ አውቃለሁ፤ እጄ ላይ ነው። የአዴ ሐሊማንም አውቃለሁ። ጎረቤትን ስለመውደድ በቃሌ ያጠናሁት ብዙ ነው፤ ለፈተና ቢጠይቁኝ አንድ አልስትም። እዚያ ላይ ግን ከተጠናው አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሁለቱንም ይዞ መቆየት ብቻ ነው። ጆሮዬን ጎኑ ላይ አደረግሁ። ትንፋሹ ከባድ ነው፣ ግን አልተቆራረጠም።

«ይቆያል» አልኩ።

ቢላው ተመለሰ። እኔም ጸለይኩ። ፍየሉ እንዲድን አልጸለይኩም። የጸለይኩት የኢማሙ ስብከት እንዲያጥር ነው። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ መጨረሻ ላይ «እባክህ ቶሎ ይጨርሱ» አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ትክክል ይሁን አይሁን ቄሱን እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ብሩክ ጮኸ። ጥቁሩ ፍየል አንገቱን ጥሎበታል። ብሩክ ጭንቅላቱን ያነሳል፣ ይወድቃል። ያነሳል፣ ይወድቃል። «በደረቱ ነው እኮ ያስደገፍኩት! አላጠጣሁትም!» አለ። ብሩክ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። አዴ ሐሊማ አጠገቡ ተቀመጡና በሻሻቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት።

«ዝም በል ልጄ። አንተ አልገደልከውም። ኢጆሌ፣ ልጆች፣ አራቱን ያዙ፣ አራቱን!»

አራቱን ያዝን።

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ አቧራ ታየ። ሞተር፤ በላዩ ላይ ሦስት ሰው። ከኋላው ሌላ ሞተር። ነጭ ልብሳቸው በነፋስ ተነፍቷል፣ የአንዱ ኮፍያ በርሮ ወድቆ አልቆመለትም። የአዴ ሐሊማ ወንድም ሞተሩ ሳይቆም ዘለሉ።

«የትኛው ይቅደም?»

«ይሄኛው!» አልን፣ እኔና ሃምሳ አለቃ በአንድ ድምፅ።

ሰውየው ተንበርክከው የፍየሌን ዓይን በጣታቸው ነኩ። ምንም የለም። ድጋሚ ነኩት። ሽፋሽፍቱ ተርገበገበ።

«አለ!» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አለ!»

ራሱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዞርን። እግሩን ያዝኩ። «ቢስሚላህ» ሲሉ ፊቴን አዞርኩ። ከእጄ ሥር ያ ሁሉ ከባድ ትንፋሽ ሲያርፍ ተሰማኝ። ሌሎቹም ሦስቱ ተከታተሉ። ወዲያው ከኮረብታው ዘፈን ሰማን። ወይንሸት ናት፤ ፀጉሯ ውስጥ እሾህ፣ ከፊቷ ሰባት ፍየል። «ምርኮኛ ደርሷል! ማነው የሚረከብ?»

ብሩክ ጥቁሩን ፍየል ራሱ ቀበረው። ማንም አላዘዘውም።

ቅዳሜ ሄሉ ተጠራን። ሰርገኛው ድንኳን ሞልቶ፣ ሩዙና ሥጋው በትሪ ሲዞር እኛ ጥግ ይዘን ሶዳ ጠጣን። ያልጠበቅነው ነገር አልነበረም፣ አልከፋንም። አዴ ሐሊማ መጥተው ሃምሳ አለቃን በእጅጌያቸው ጎተቷቸው። ተከትለን ወደ ጓሮ ሄድን። ከሰባቱ ምርኮኞች አንዱ ዛፍ ላይ ታስሯል። አጠገቡ እንጨት፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ገና የሱቅ ወረቀት የተለጠፈበት ድስት።

«ይሄ የናንተ ነው። ድስቱ አዲስ ነው፣ የኛ ሥጋ አልነካውም። በእጃችሁ እረዱ፣ በራሳችሁ አብስሉ። እናንተ ሳትበሉ ልጄን አልድርም!»

ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው አረዱ፤ እግሩን ከያዙት መካከል አንዱ የአዴ ሐሊማ ወንድም ናቸው። ወይንሸት ጨው አበዛችበት። ጠርገን በላነው። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ጓሮ ድረስ መጥታ «ይጣፍጣል?» አለችን፤ ስለ ጨው የተነፈሰ የለም።

ሰውን መውደድ አንድ ድስት ላይ መቅረብ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለት ድስት ሳይ አልከፋም። ማን ለማን እንደጣደው ነው የማየው። እንዲህ ያለው ሥራ እሁድን አይጠብቅም፤ ገበያ ስላክ፣ ውሃ ስቀዳ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘዋለሁ። አንዳንዴ ቶሎ ይገባኛል፣ አንዳንዴ እንደ ብሩክ ቢላዬን ካወጣሁ በኋላ።

የወደቁት እነዚህ ናቸው። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ በብሩክ እጅ ላይ ሞተ። አራቱ በአዴ ሐሊማ ወንድም፣ አንዱ በሃምሳ አለቃ ደምሴ እጅ ታረዱ። የቀሩት ስድስቱ ለሰርጉ አለቁ። ከእነሱ ወገን ወሬ ነጋሪ እንኳን አልተረፈም፤ ስለዚህ እኔ ነገርኳችሁ።