የአነፍናፊው አፍንጫ

በሆቴሉ ውስጥ ከአስተዳደር ክፍል በቀር እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለሁሉም አነፍናፊው ነው። የቧንቧና የጋዝ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ በቆየባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት፣ ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ከአፍንጫው ሌላ መሣሪያ ይዞ አያውቅም። ወጥ ቤት ይገባና ራሱን ቀና አድርጎ ሁለቴ ማግ፣ ማግ ያደርጋል። ከዚያ፣ ሦስተኛው ምድጃ፣ ከበስተጀርባ፣ ጎማው ይላል። ሄደው ሲያዩ እውነትም ጎማው ነው። ኩራቱ ታዲያ ሌላ ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ክፉ ጉንፋን ያዘው። ሁለት ሳምንት ተኝቶ ሲነሳ ጉንፋኑ ማሽተቱን ይዞበት ሄዷል። እሱ ግን ለራሱም አላመነም። የደረሰችበት ሚስቱ ናት። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት ጥዳ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስትመለስ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ ብሏል፤ ባሏ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ጋዜጣ ያነባል።

"ምንም አልሸተተህም?" አለችው።

"ምን?" አላት።

ለአለቆቹ እንዲነግር መከረችው። እሱ ደግሞ፣ የማያሸት አነፍናፊ ማን ያስጠጋል ብሎ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል ለመናት። በሆዷ ልትይዘው ቃል ገባች፤ በምትኩ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ ዛሬውኑ እንዲገዛ አስማለችው።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያላት ወጣት ሴት ምን ዓይነት ጋዝ እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ፣ የት እንደሚሰቀል ትጠይቀው ጀመር። ሚስጥሩ የወጣበት መሰለውና፣ ለዘመድ ነው ብሎ፣ ኪስ የሚገባ ትንሹን አንስቶ እብስ አለ። ከኋላው ገና አልጨረስኩም ስትለው ጆሮ አልሰጣትም።

ሦስት ቀን ሰላም ዋለ። በአራተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ስለ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሊያነጋግረው ቢሮው አስጠራው። ጠጋ ብሎ ትከሻውን መታ ሲያደርገው ኪሱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ጩኸቱን ለቀቀው። አነፍናፊው ክው አለ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሮጦ ሁሉም እንዲወጣ አዘዘ። እንግዶች ወረዱ፤ አንዱ ፊቱን እንደ ግድግዳ በሳሙና ለቅልቆ፣ ሌላው ፎጣ አገልድሞ።

ግቢ ውስጥ መሣሪያው ጸጥ አለ። ሥራ አስኪያጁ መጣና፣ ቢሮዬ ውስጥ የጋዝ መስመር አለ እንዴ ብሎ አፉን ሲከፍት እንደገና ጮኸ። ራቅ ሲል ዝም አለ። ቀረብ ሲል ጮኸ። የወጥ ቤቱ አለቃ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ የነበረችው ሴትዮ፣ ድንገት ዞራ ሰማዩን ትመለከት ጀመር። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

ሥራ አስኪያጁ አነፍናፊውን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ወሰደው። ጠዋት ለሳሌ ብዬ ትንሽ አረቄ ቀምሻለሁ አለው በሹክሹክታ። አነፍናፊውም ጊዜው የመናዘዣ መሰለውና ስለ አፍንጫው ነገረው።

"የኔ አፍና የእርስዎ አፍንጫ እዚሁ ይቅሩ፣ ጋሼ" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ለወጥ ቤቱ ደህናውን መሣሪያ ይምረጡ፤ እኔ እፈርማለሁ።"

በማግስቱ ሱቅ ተመልሶ፣ ዘመዱ እኔ ነኝ አላት። ሴትየዋ አልሳቀችም። ኪሱ ያለው መሣሪያ በውስጡ የጋለች ትንሽ ፍሬ እንዳለችው፣ ጋዝ ሲነካት ኤሌክትሪክ እንደ ልብ እንደምታሳልፍና መሣሪያው በዚያ ነቅቶ እንደሚጮህ አስረዳችው። ችግሯ ጋዙን ከሽቶ፣ ከወለል ማጽጃና ከመጠጥ ትንፋሽ መለየት አለመቻሏ ነው። ለወጥ ቤት የሚሻለው ፍሬዋ በከሰል ማጣሪያ የተሸፈነችበት ነው፤ ከሰሉ የአልኮሉን ትነት ይይዘዋል፣ ጋዙን ያሳልፈዋል። ሲጮህም መስመሩን ራሱ የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛልና መሣሪያው ከጉልበት በታች ይሰቀል። የከሰል ጭስ መርዝ የሚይዘው መሣሪያ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

"ጀርባው ላይ ያለውን ቀን ይዩ" አለችው። "አምስት ዓመት አካባቢ ሲሆነው ማሽተቱ ይደክማል።"

"ይሄን ቁልፍ ስጫን እየጮኸ?"

"ቁልፉ የሚፈትነው ጩኸቱን ነው፣ ጋሼ። አፍንጫውን አይፈትንም።"

አነፍናፊው አንገቱን ደፋ። ወር ሙሉ ሳይሸተው ራሱን ቀና አድርጎ ማግ፣ ማግ ሲል መክረሙ ትዝ ብሎት ጆሮው ጋለ።

አራቱን መሣሪያዎች ተንበርክኮ ሰቀላቸው። የወጥ ቤቱ አለቃ ጣሪያ ሞልቶ ሳለ እግሬ ሥር ምን ወሸቅክብኝ ብላ አጉረመረመች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አርባ እንግዳ ሳህኑን ሲጠብቅ አንደኛው ጮኸና መስመሩ ተዘጋ። ምድጃው ሁሉ ድርግም አለ። ይሄ ውሸታም ዕቃህ ጉድ አደረገኝ አለችው። እሱ የሳሙና ውሃ ይዞ በደረቱ ተኛና በየጎማው ላይ ቀባ። ከአራተኛው ምድጃ ጀርባ አረፋው እንደ ጉንጭ እየተነፋ ወጣ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አየችው።

ጎማውን ቀይሮ ሲነሳ ከዚህ በላይ መደበቅ አስጠላው። ማሽተት ካቆመ ሁለት ወር እንዳለፈው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተናገረ።

"እናውቃለን" አለች የወጥ ቤቱ አለቃ መጥበሻዋን እያነሳች። "ሚስትህ ያኔውኑ ደውላ ነግራኛለች። አደራ ጠብቂልኝ ብላ።"

የዚያን ቀን ቤቱ ገብቶ ሚስቱን አኮረፈ። ኩርፊያው እራት ድረስ አልቆየም፤ ቢርበው ነው።

ማሽተቱ በአምስተኛው ወር ቀስ እያለ ተመለሰ። አንድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲለብስ ፊቱን ክፉኛ አጨማደደና፣ እዚህ ቤት ውስጥ የሞተ ነገር አለ አለ። አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ ቢያይ የራሱ የሥራ ጫማ ነው።

ሚስቱ ከመስታወቷ ፊት ሳትዞር፣ "እንኳን ደስ አለህ" አለችው። "አሁን አውጣልኝ።"