የመለሱለትን መልስ የተባለው ቀያሽ

ጋሽ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። መሬት ቀያሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሦስት እግር ባለው መሣሪያ ጀርባ ቆሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሰው ድንበር ሲለካ ኖሯል። በአንድ ክንድ መሬት ተጣልተው ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤታሞች፣ እሱ ችካል ተክሎ ገመድ ከዘረጋ በኋላ ሲስማሙ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ታዲያ ይኼ ሰው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ከእንግዲህ የቡድን መሪ አይሆንም ተባለ። ምን ያድርግ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ልጁ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመዘገበ።

ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀራት። አባቷ እሷ ግቢ ሊማር መሆኑን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ከጓደኞቿ ጋር ሲያያት በቤት ስሟ ጮክ ብሎ እንዳይጠራት ቃል አስገባችው። እሱም ቃሉን ጠብቋል፤ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

ክፍያውን የሚሸፍንለት የትምህርት ድጋፍ አገኘ። ድጋፉ የትምህርቱን ዋጋ ከፍሎ የተረፈው ገንዘብ «ተመላሽ» ተብሎ ባንክ ሂሳቡ ውስጥ ገባ። ጋሽ ሜትር ግራ መጋባት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ያልሰጠው ነገር እንዴት ይመለስለታል? ልጁን ቢጠይቃት፣ ለመጓጓዣና ለኑሮ መደጎሚያ መሆኑን፣ ሁሉም ተማሪ እንደሚያገኘው ነገረችው። «ያንተ ነው አባዬ፣ አትጨነቅ» አለችው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አሮጌው የስፌት መኪናዋ ክር እየበጠሰ ሥራ ካስፈታት ሰነባብቷል። ስለዚህ ገንዘቡን ይዞ ሄዶ በሞተር የሚሠራ አዲስ መኪና ገዛላት። ሴትየዋ ያን ቀን ማታ እንደ ሙሽራ እየደጋገመች ስታየው አመሸች።

የያዘው አራት ትምህርት ነበር። ሦስቱ ከሞላ ጎደል የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። አራተኛው ግን ካርታ በኮምፒውተር መሥራት ነው፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ካርታ ማለት ወረቀት፣ ማስመሪያና የተቀረጸ እርሳስ ነው። ወጣቶቹ ጣታቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። እሱ የትኛውን እንደሚነካ ሲፈልግ፣ መምህሩ ሦስተኛው ነገር ላይ ደርሷል። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ አዎ ይላል፤ ጋሽ ሜትርም አብሮ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን የእሱ ሥራ ግድግዳው ላይ ሲታይ ወንዙ ኮረብታውን ሽቅብ ሲወጣ ተገኘ። ክፍሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱ ራሱም ስቋል። በማግስቱ ግን ሬጅስትራር ሄዶ የካርታውን ትምህርት አቋረጠው። ለባለቤቱም ለልጁም ትንፍሽ አላለም። ሦስቱን ልማር፣ አራተኛውን ሌላ ጊዜ እደርስበታለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኩ ላይ መልእክት መጣ፦ የአንድ ትምህርት ክፍያ ተመላሽ ተደርጓል ይላል። ደስ አለው። ባንክ ሄዶ ቢጠይቅ ግን የገባ ነገር የለም። ደግሞም ጠበቀ፤ ምንም። ይባስ ብሎ ሁለተኛ መልእክት ደረሰው፤ ይኼኛው ገንዘብ እንዲመልስ የሚጠይቅ ነበር። ተሳስተው ነው ብሎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ክፍል ሄደ። መስኮቱ ጀርባ ጉንፋን የያዛት፣ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ሴት ተቀምጣለች።

«ተመልሷል የተባለው ገንዘብ አልደረሰኝም» አላት።

«ወደ እርስዎ አይመጣም እኮ። የከፈለው ድጋፉ ነው፤ ስለዚህ የተመለሰውም ለድጋፉ ነው።»

«እሺ። ታዲያ እኔ መልስ የተባልኩት የቱን ነው?»

«መጀመሪያ የተመለሰልዎትን።»

ጋሽ ሜትር ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። «የመለሳችሁልኝን መልስ ነው የምትዪኝ?»

«ሁሉን አይደለም፤ በከፊል» አለች ሴትየዋ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችው። ድጋፉ የተሰጠው ሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው ተብሎ ነው። አንዱን ትምህርት ሲያቋርጥ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ወረደ። ሲወርድ ድጋፉ እንደገና ይሰላል፤ ሲሰላ የሚገባው ያንሳል፤ ያነሰው ደግሞ ከእጁ ይመለሳል። እሱ ጭንቅላት ውስጥ ግን መመለስ የሚለው ቃል እንደ ተበታተነ ክር ተጠላልፎ ነበር። ማን ለማን እንደሚመልስ፣ የተመለሰው ተመልሶ የት እንደሚገባ ጠፋው። እንደ አባቶች አባባል ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ገንዘቡን የያዘው ግን ወረቀቱ ይሁን እሱ ራሱ አልለየለትም። «ገባዎት?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። ለማንኛውም የድህረ ምረቃ ተማሪዎች አገልግሎት የሚባል ቢሮ እንዳለ፣ እዚያ ቢያነጋግር እንደሚሻለው ጨምራ ነገረችው። እሱ መስኮቱን ለቆ ሲወጣ የቢሮውን ስም እንኳ አላስታወሰውም።

ሰንበትበት አለ። ቤት ሲገባ የስፌት መኪናውን ላለማየት ፊቱን ያዞራል። ሽጬ ልክፈል ይላል፤ ደግሞ ባለቤቱ እየዘፈነች ስትሰፋ ይሰማና ይተወዋል። የካርታው ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ቤት መቅረት ስለማይችል፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ግቢ ይሄድና አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

እዚያ ተቀምጦ ነው ልጁ ያገኘችው። ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ አየችውና ከሣሩ ማዶ «አባዬ!» ብላ ተጣራች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ጓደኞቿን ትታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይኼን ጊዜ ክፍል አይደለህም እንዴ?»

ሊዋሽ አሰበና አቃተው። ስለ ወንዙ፣ ስለ ማቋረጡ፣ ስለ መስኮቷ ሴት ሁሉንም ነገራት። ልጅቷ የምትቆጣው መስሎት ነበር፤ እሷ ግን አቀረቀረች።

«ያንተ ነው፣ አትጨነቅ ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ትምህርት ካቋረጡ እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር። ለካ እኔም አልገባኝም።»

ለጋሽ ሜትር ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ትንሽ የቀለለው ይኼን ሲሰማ ነው። አራት ዓመት ግቢው ውስጥ የኖረች ልጅ ካልገባት፣ እሱስ ምን ይፈረድበታል?

ቢሮውን ፈልገው አገኙት፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በታች፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ክፍል ነው። አማካሪው ረጅም ሰው ነው፤ ወንበሩ ለእግሩ አልበቃ ብሎት ወደ ጎን ዘርግቶታል። አባትና ልጅ እየተሻሙ ሲነግሩት አላቋረጣቸውም። ከዚያ ጋሽ ሜትርን ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ ጠየቀው። ይኼን ጥያቄ እስካሁን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጋሽ ሜትር የልጁን ፊት ሳያይ፣ እንዳቃተውና እንዳፈረ ተናገረ።

አማካሪው መፍትሔ አላጣም። ያው የካርታ ትምህርት ከሴሚስተሩ አጋማሽ ጀምሮ ለሌላ ክፍል ይሰጣል፤ ምዝገባው ገና አልተዘጋም። ቢመዘገብ ሙሉ ጊዜ ተማሪነቱ ይመለስለታል፣ ከተጠየቀውም ገንዘብ አብዛኛው ይነሣለታል። ከዚያው ኮሪደር መጨረሻ ላይ ደግሞ ትምህርት ለከበዳቸው የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው አለ፤ በነፃ ነው። ክሊኒክም፣ የተማሪ አውቶቡስም፣ ጭንቀት ለበዛበት የሚያዋይ ባለሙያም አለ። የሁሉም ዋጋ በየሴሚስተሩ ከሚከፈለው ክፍያ ውስጥ ነው።

«ስለዚህ የአዲሱን ክፍል የሚከፍለው ማነው?» አለ ጋሽ ሜትር።

«ድጋፉ። ያ የተመለሰለት ገንዘብ አለ አይደል?»

«ማለትም የተመለሰው ተመልሶ ይመለሳል?»

አማካሪው ትንሽ አሰበ። «እንደሱ ማለት ይቻላል» አለ። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቱ ነገራት። መርፌውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ከእናቷ የሰማችውን አባባል መለሰችለትና፣ እሷስ ከመኪናው ፊቱን ሲያዞር እያየች ምን እንደመሰላት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«የሐኪም ነገር ደብቀኸኝ መስሎኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ» አለች። «ገንዘብ ነው? ገንዘብ ምን አላት!» ከተጠየቀው ያልተነሣችውን ጥቂቷን ስፌቷ በየወሩ እንደሚከፍላት ወስና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሽ ሜትር ተመዘገበ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ይሄዳል፤ የምታስረዳው ሴት የልጁ እኩያ ናት፣ ግን «ገባዎት?» ብላ አትጠይቅም፤ «እስቲ ያሳዩኝ» ነው የምትለው። ማሳየት ሲያቅተው እንደገና ትጀምራለች። ትምህርቱን አለፈ፤ ውጤቱ የሚያኮራ ባይሆንም የሚያሳፍር አልነበረም።

በቀጣዩ ሴሚስተር ተመላሽ የተባለው ገንዘብ ዳግመኛ ሲገባ እስከ ፈተና ድረስ አልነካውም። ደንቡን ተምሮት አይደለም፤ ደንቡ ዛሬም በደንብ አልገባውም። እዚያው ግቢ የምትማር አንዲት ነርስ አንድ ትምህርት ልታቋርጥ መሆኗን ነግራው፣ ገንዘቡ ምን እንደሚሆን ስትጠይቀው ሊያስረዳት ሞከረ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ ቃሉ አፉ ውስጥ ተጠላለፈበት። ቦርሳውን አነሣ።

«ነይ፣ ከማቋረጥሽ በፊት አንድ ሰው ጋ እንሂድ» አላት። «ምን እንደሚልሽ አላውቅም። አብረን እንሰማዋለን።»