የእውነት ደም የፈሰሰበት ቀረጻ

ፊልም መሥራት ከመጀመሯ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች። በጩቤ የተወጋው፣ ፊቱ በጠርሙስ የተተለተለው፣ ባሏ ክንዷን የሰበረባት፣ ሁሉም በእጇ አልፏል። ያየችው አልለቃት ሲል በደብተር መጻፍ ጀመረች። ጽሑፉ እያደር የፊልም ድርሰት ሆነ፤ ድርሰቱን ሌላ ሰው ሲያበላሽባት ደግሞ ራሷ አዘጋጅ ሆና ቁጭ አለች። ከሜካፕ ሠራተኛዋ ጋር ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። «የአንገት ደም አይንጠባጠብም፣ ይረጫል!» ትላለች። የቀረጻ ቡድኑም «እትዬ ደሜ» የሚል ስም አወጣላት።

አራተኛውን አስፈሪ ፊልሟን ስትቀርጽ፣ ገዳዩን የሚጫወተው ተዋናይ ሟቹን በሚጫወተው ወጣት ተዋናይ ላይ ቂም ይዞ ነበር፤ እጮኛውን ወስዶበታል። ትዕይንቱ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ገዳዩ ስለቱ ወደ እጀታው የሚገባውን የውሸት ቢላዋ ጣለና ከመሳቢያው እውነተኛውን መዘዘ። የልጁ ታፋ ውስጥ እስከ እጀታው ሰካው።

ጩኸቱን ስትሰማ ትወና አለመሆኑ ገባት። «አቁሙ!» ብላ ዘለለች። ሰውዬው ቢላዋውን ነቅሎ ሊደግመው ሲል ካሜራማኑ በመብራት ማቆሚያ ብረት ትከሻውን ሰበረው። እሷ ተንበርክካ በሙሉ ክብደቷ ቁስሉን ተጫነችው። ደሙ በጣቶቿ መሃል ይፈልቃል።

«እኔን እያየህ ተንፍስ፣ የኔ ልጅ። እንዳትተኛብኝ!»

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ የፊልሙ ፕሮዲውሰር፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ጠጋ አላት።

«ካሜራው አልቆመም እኮ። እንዲህ ያለ ትዕይንት በዕድሜያችን አናገኝም።»

ቀረጻው ያለበትን ካርድ ከካሜራው አውጥታ ሲሚንቶው ላይ በመዶሻ አደቀቀችው። ወንድሟ ፀጉሯን ጨምድዶ ግድግዳ ላይ አጋጫት፤ እሷም በግንባሯ አፍንጫውን አፈረሰችው። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም።

የወጋው ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። የተወጋው እግሩ ተቆረጠ፣ ነፍሱ ግን ተረፈች። እሷ ዓመት ሙሉ ብዕር አልጨበጠችም። አንድ ቀን ልጁ በክራንች እየተደገፈ ቤቷ መጣ።

«እትዬ፣ መሞት ሰልችቶኛል። አሁን የምገድልበት ይጻፉልኝ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ጻፈችለትም። የቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ቢላዋ ስታይ ሽንት ቤት ገብታ አስመለሳት። ፊቷን ታጥባ ወጣች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ትዕይንት ቀረጸች።